ድምፅ ማጉያን ስለ መመዘን

በቋንቋችን «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስም ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎችን በአንድነት ይጠራል። አንደኛው የኤሌክትሪኩን ሞገድ የሚያበረታው አምፕሊፋየር ነው፤ ሁለተኛው ያንኑ ሞገድ ወደ አየር ንዝረት ለውጦ ለጆሮ የሚያደርሰው ስፒከር ነው። የስሙ መደባለቅ ቀላል ነገር ነው። ስለ ውድ ስፒከሮች የሚጻፈውን ሂስ ስንመረምር ግን አሳቡም እንደ ስሙ ተደባልቆ አግኝተነዋል። አንዱ ጸሓፊ የመለኪያ ሠንጠረዥ ዘርግቶ ነገሩ አለቀ ይላል። ሌላው ዘፈኑን ሲሰማ ዕንባው እንደ መጣ ይነግረንና ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ምስጋናውንም ጥፋቱንም በአምፕሊፋየሩ ላይ ያደርጋል። ሦስቱ እንዲህ ሲከራከሩ ገንዘቡን የሚከፍለው ገዢ የትኛውን እንደሚያምን ሳያውቅ ይቀራል።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ መለኪያ፣ የአምፕሊፋየር ተስማሚነትና የልብ ስሜት ሦስቱም ሊሰሙ የሚገባቸው ምስክሮች ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚመሰክረው ስለ ተለያየ ጉዳይ ነው። ምስክር ያላየውን ቢመሰክር ቃሉ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱን በሌላው ፋንታ ያቆመ ሐያሲም ፍርዱ ይጣመማል። ይህንም ለማስረዳት ሦስት ስመ ጥር ስፒከሮችን መርጠናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1946 የጀመረው ክሊፕሽሆርን ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ከባድ ሳጥን ሲሆን በውስጡ የታጠፈ ቀንድ አለበት፤ በክፍል ማዕዘን ሲቆም ሁለቱ ግድግዳዎች የቀንዱ ማራዘሚያ ይሆናሉ። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ፒተር ዎከር የሠራውና በ1957 ለገበያ የቀረበው የኳድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ነው። በዚህኛው ውስጥ ሳጥንም ሆነ የወረቀት ኮን የለም፤ በብዙ ሺህ ቮልት የተሞላ እጅግ ስስ ገጽ ቀዳዳ ባላቸው ሰሌዳዎች መካከል ይርገበገባል። ሦስተኛው የቢ.ቢ.ሲ. መሐንዲሶች በ1970ዎቹ ያወጡት ኤል.ኤስ. 3/5ኤ ነው። ይህ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ሳጥን፣ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚደረግ ሥርጭት በተዘጋጁ ጠባብ መኪናዎች ውስጥ ንግግርንና ሙዚቃን ለመቆጣጠር የታሰበ ነበር።

በመጀመሪያ መለኪያውን እንስማ። አምራቾች ስፒከርን በ2.83 ቮልት አስጩኸው በ1 ሜትር ርቀት የሚሰማውን ድምፅ በዴሲቤል ይናገራሉ። በዚህ አቆጣጠር ክሊፕሽሆርን ከ100 ዴሲቤል በላይ ሲሆን፣ ኤል.ኤስ. 3/5ኤ 83 ዴሲቤል ያህል ነው። በሁለቱ መካከል 20 ዴሲቤል ያህል ልዩነት አለ፤ 20 ዴሲቤል ማለትም የኃይል መቶ እጥፍ ማለት ነው። ትልቁ በ1 ዋት የሚያሰማውን ያህል ትንሹ ያሰማ ዘንድ ብንፈልግ 100 ዋት ግድ ይሆንብናል፤ ትንሹ ሳጥን ደግሞ ይህን ያህል ኃይል በደኅና የሚሸከም አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ለስብሰባ አዳራሽ ስፒከር ሊገዛ ቢነሣ፣ የድምፁ ጣዕም ምንም ያህል ቢወደስለት ኤል.ኤስ. 3/5ኤን መግዛት ስሕተት ነው። ይህን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም፤ መደመርና መቀነስ ይበቃል።

መለኪያ ሌላም ይነግረናል። የትንሹ ሳጥን ድምፅ ከ80 ኸርዝ ወዲያ ወደ ታች ፈጥኖ ይወድቃል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ግን ጥቂት ጉብታ ስላለው አድማጩ ሳጥኑ ከመጠኑ የሚበልጥ ይመስለዋል። ኳድ የድምፅ መዛባቱ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከፍተኛውን ድምፅ በጠባብ አቅጣጫ ስለሚልክ ከመካከል ፈቀቅ ያለ አድማጭ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ብዙ መጮህም አይችልም። ክሊፕሽሆርን በጥቂት ኃይል ብዙ ስለሚጮህ በታላቅ ድምፅ ጊዜ እንኳ አይጨነቅም፤ ነገር ግን የወፍራሙ ድምፅ መንገድ በታጠፈው ቀንድ ውስጥ ረዥም በመሆኑ ከቀጭኑ ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል።

መለኪያን «ሕይወት የሌለው ቁጥር» እያሉ የሚንቁ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ የምንሰጠው መልስ ከካናዳ የመጣ ነው። ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ አድማጮችን ስፒከሩን እንዳያዩ አድርጎ ያስፈርድ ነበር። በ1985 እና በ1986 ባወጣቸው ጽሑፎች እንዳስረዳው፣ አብዛኞቹ አድማጮች የመረጡት ፊት ለፊቱም ሆነ በጎኑ ሲለካ ድምፁ ሳይጎረብጥ የሚሄደውን ስፒከር ነው። ቀጥሎም ሾን ኦሊቭ በ2004 ስለ 70 ስፒከሮች ባቀረበው ጥናት የአድማጮችን ምርጫ ከመለኪያው ብቻ አስቀድሞ ለመገመት ሞከረ፤ በግምቱና በምርጫው መካከል ያለው ተዛምዶ 0.86 ሆነ። ይህን ቁጥር በራሱ ብናበዛው 0.74 ያህል ይሆናል። በአድማጮች ምርጫ ላይ ከታየው ልዩነት ሦስት አራተኛውን ያህል መለኪያው አስረድቶታል ማለት ነው። የቀረው አንድ አራተኛ ግን መለኪያን እንደ ጣዖት ለሚያዩ ሰዎችም ትሕትና የሚያስተምር ነው።

ሁለተኛው ምስክር የአምፕሊፋየሩ ተስማሚነት ነው። ስለዚህ ጉዳይ በተጻፈው ሂስ ውስጥ ብዙ ምስጢራዊ ቃል እናገኛለን፤ ይህኛው ከዚያኛው ጋር «ይዋደዳል»፣ ያኛው «አይስማማውም» ይባላል። እኛ ግን ምስጢሩ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ ሆኖ አግኝተነዋል። አንድ ስፒከር በኤሌክትሪክ ላይ የሚያደርገው መቋቋም በአንዱ ድምፅ 4 ኦም፣ በሌላው 30 ኦም ነው እንበል። የራሱ የውስጥ መቋቋም 3 ኦም በሆነ የቫልቭ አምፕሊፋየር ብናጫውተው፣ በመጀመሪያው ድምፅ ስፒከሩ የሚያገኘው ከቮልቱ ሰባት እጅ አራቱን ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ከ33 እጅ 30ውን ያገኛል። ልዩነቱ 4 ዴሲቤል ነው፤ ይህንንም ማንም ሰው ይሰማዋል። የውስጥ መቋቋሙ 0.05 ኦም በሆነ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ብንለውጠው ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል ያነሰ ይሆናል። ሐያሲው «አምፕሊፋየሩ ሙቀት አለው» ሲል ያመሰገነው፣ ሳያውቀው የሰማው ይህን የቮልት መከፋፈል ሊሆን ይችላል።

የኳድ ስፒከርም ምሳሌ ይሆነናል። የእርሱ መቋቋም በከፍተኛው ድምፅ ላይ ወደ 2 ኦም ገደማ ስለሚወርድ ብዙ አምፕሊፋየሮችን ያስቸግራል፤ ከመጠን የበለጠ ቮልት ሲመጣበት ደግሞ ራሱ ይጎዳል። ዎከር በዚያው ፋብሪካ ውስጥ 15 ዋት የሚሰጠውን ኳድ 2 አምፕሊፋየር ይሠራ ስለ ነበር፣ ሁለቱ አብረው ሲውሉ ችግሩ ይቀንሳል። እንግዲህ ስለ ኳድ የሚጽፍ ሐያሲ በምን አምፕሊፋየር እንደ ሰማው ካልነገረን፣ ስለ ስፒከሩ የነገረን ከግማሽ አይበልጥም።

ሦስተኛው ምስክር ስሜት ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም ለዚህም ይስማማል። ከ1915 ጀምሮ የኤዲሰን ኩባንያ በአሜሪካ አዳራሾች ዘፋኝን ከሸክላ ማጫወቻ ጎን እያቆመ ሕዝቡ የትኛው እንደሚዘፍን እንዲለይ ይጋብዝ ነበር። ብዙዎች መለየት እንዳቃታቸው ተጽፏል። ከዘፋኞቹ አንዷ አና ኬዝ በኋላ ዘመን እንደ ተናገረችው ግን፣ ድምፅዋን ከመሣሪያው ድምፅ ጋር ታመሳስለው ነበር። የሰዎቹ መደነቅ እውነት ነበረ፤ ከመደነቃቸው ተነሥተው ስለ መሣሪያው የሰጡት ፍርድ ግን ልክ አልነበረም። በ1994 ቱልና ኦሊቭ አንድ ዓይነት አድማጮችን መጀመሪያ ሳያዩ፣ ኋላም እያዩ አራት ስፒከሮችን ባስፈረዱ ጊዜ፣ የዕቃው ትልቅነትና ስም ፍርዱን እንደ ለወጠው ታይቷል።

ይህን የምንጽፈው ከሌሎች የተሻለ ጆሮ አለን ብለን አይደለም። ጥቂት ጓደኞች ተሰብስበን በገና የተቀዳበትን ሙዚቃ በሁለት ስፒከሮች ያደመጥንበት ጊዜ ነበር። በገና በአውታሩና በድልድዩ መካከል ባለው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ከወፍራሙ ድምፅ ጋር የሚነዝር ቀጭን ድምፅ ስላለው ለፈተና የሚመች ነው። ሁላችንም አንደኛውን ስፒከር መረጥን፤ አንዳችንም «እዚህ ላይ ደርዳሪው ከፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ» አለ። ኋላ ስናጣራ የመረጥነው ስፒከር ከሌላው ጥቂት ጮኾ ኖሯል። ድምፃቸውን አስተካክለን እንደ ገና ስናደምጥ አሳባችን ለሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያው ቀን ስሜታችን ሐሰት አልነበረም፤ የመሰከረው ግን ስለ ድምፁ ከፍታ እንጂ ስለ ስፒከሩ ጥራት አልነበረም።

ታዲያ ስሜት ከችሎቱ ይውጣ ማለታችን ነውን? አይደለም። ኤል.ኤስ. 3/5ኤ ወፍራም ድምፅ የጎደለው፣ ኃይል የሚበላ፣ ብዙ የማይጮህ ሳጥን ነው፤ ሆኖም ለሃምሳ ዓመት ያህል ወዳጅ አላጣም። ወዳጆቹ ደጋግመው የሚያነሡት የሰውን ድምፅ እንደ ሰው አድርጎ ማሰማቱን ነው። ቢ.ቢ.ሲ. ስፒከሮቹን ሲያወጣ አጠገብ የሚናገርን ሰው ድምፅ ከስፒከሩ ከሚወጣው የዚያው ሰው ድምፅ ጋር ያነጻጽር ነበር። እንግዲህ ፍቅሩ ምክንያት ነበረው ማለት ነው። አድማጩ በመጀመሪያ ተሰማው፤ መሐንዲሱ ምክንያቱን በመካከለኛው ድምፅ ትክክለኛነት ውስጥ ያገኘዋል። ስሜት የት ቦታ መለካት እንዳለበት ይጠቁማል፤ ለካሁ ብሎ መመለስ ግን አይችልም።

በዚህ መሠረት ስለ ሦስቱ ስፒከሮች ያለን ፍርድ የሚከተለው ነው። ሰፊ ክፍልና ነጻ ማዕዘን ላለው፣ የኦርኬስትራን ኃይል ለሚወድና ትንሽ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ክሊፕሽሆርን ይስማማዋል። ብቻውን በአንድ ቦታ ተቀምጦ በዝግታ ለሚያደምጥ ሰው ኳድ ብዙ ይሰጠዋል፤ ያረጀውን ዕቃና አምፕሊፋየሩን መጠንቀቅ ግን ግዴታው ነው። በጠባብ ክፍል ንግግርና ዘፈን ለሚሰማ ሰው ኤል.ኤስ. 3/5ኤ በቂ ነው። ከሦስቱ «ከሁሉ የሚበልጠው» የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አንሰጥም፤ ክፍሉን፣ አምፕሊፋየሩንና የሚደመጠውን ሙዚቃ ሳይጠቅስ የቀረበ ጥያቄ ስለሆነ።

በመጨረሻም በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ድምፅ መሣሪያ ለሚጽፉ ጓደኞቻችን አንድ ልማድ እንድንይዝ እናሳስባለን። ሐያሲው አስቀድሞ የድምፁን ከፍታ ያስተካክል፤ ቢቻል መጋረጃ ይጋርድ፤ አምፕሊፋየሩንና ክፍሉን ይግለጥ፤ መለኪያውን ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ልቡ ምን እንዳለው ሳያፍር ይናገር። ይህ ሲሆን አንባቢው የትኛው ምስክር እየተናገረ እንደሆነ ያውቃል፤ ገንዘቡንም በሌላ ሰው ዕንባ አይከፍልም። በአቀረብነው ሒሳብ ወይም አስተያየት ላይ ስሕተት የሚያገኙ መምህራንና ተማሪዎች ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።