በጠፈር ፊልሞች ውስጥ የሳይንስ እውነትና የዓይን ደስታ

ስለ ጠፈር ጉዞ የሚሠሩ የሲኒማ ፊልሞች በሚተቹበት ጊዜ ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይገኛል። አንደኛው ወገን፣ የሳይንስ ሕግ ከተጣሰ ፊልሙ ከንቱ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሲኒማ የፊዚክስ መማሪያ ስላይደለ ዓይንን ካስደሰተ ይበቃዋል ባይ ነው። በእኛ አስተያየት ግን መጠየቅ የሚገባው፣ ስሕተት አለ ወይስ የለም ተብሎ ሳይሆን፣ ስሕተቱ የወደቀው በየትኛው የታሪኩ ክፍል ላይ ነው ተብሎ ነው።

አስቀድሞ እውነትና ትርኢት ጠላቶች አለመሆናቸውን ማሳየት ያስፈልጋል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በተባለው ፊልም፣ ከመርከቡ ውጭ ድምፅ የሚያስተላልፍ አየር ስለሌለ፣ ከሙዚቃው በቀር የሚሰማው የጠፈርተኛው ትንፋሽ ወይም ፍጹም ዝምታ ነው። በሚሽከረከር መንኰራኵር ውስጥ ያለ ሰው ወለሉ ስለሚገፋው ክብደት ያለው መስሎ ይሰማዋልና፣ ይህንኑ ለማሳየት ከ11 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የሚዞር መንኰራኵር ተሠርቷል። ጠፈርተኛው በዚያ ውስጥ ዙሪያውን ሲሮጥ ያየ ሰው፣ ትርኢቱን የወለደው እውነቱ ራሱ መሆኑን ይረዳል።

እውነት ሲቀነስ ደግሞ ትርኢቱም አብሮ ይቀንሳል። ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ2014 ላቀረበው «ኢንተርስቴላር» የብላክ ሆሉ ሥዕል የተሠራው በሳይንቲስቱ በኪፕ ቶርን ቀመሮች ነው። ሆኖም በዙሪያው ከሚሽከረከረው ብርሃን ወደ እኛ የሚመጣው ወገን ደምቆ፣ የሚርቀው ደብዝዞ መታየት ሲገባው፣ ተመልካቹን ግራ ያጋባል ተብሎ ልዩነቱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የመጀመሪያው እውነተኛ የብላክ ሆል ሥዕል ሲወጣ፣ ቀለበቱ በአንድ ወገን ደምቆ ታየ። ዓለምም በዚህ ተደነቀ እንጂ ግራ አልተጋባም።

ይሁን እንጂ ስሕተት ሁሉ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው «ዘ ማርሺያን» የሚጀምረው በማርስ ላይ በተነሣ ኀይለኛ ማዕበል ነው። የማርስ አየር ግፊት ከምድር አየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ፣ ነፋሱ ሮኬት ሊያዘነብል አይችልም፤ የመጽሐፉ ደራሲ አንዲ ዊየርም ይህን አልሸሸገም። ነገር ግን ማዕበሉ ሰውየውን ብቻውን አስቀርቶ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በስሌት ለመቆም የሚጥር ነው። «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ይታለፋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 አልፎንሶ ኩዋሮን ያቀረበው «ግራቪቲ» ግን ከዚህ ይለያል። ጠፈርተኞቹ ከሀብል ቴሌስኮፕ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በጀርባ በሚታዘል ሞተር ይሻገራሉ። የሀብል ምሕዋር ከምድር ወገብ 28.5 ዲግሪ፣ የጣቢያው 51.6 ዲግሪ ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ይህ አይቻልም። ይህችንም አይጥ እንለፋት። ቀጥሎ ግን የሴቲቱ እግር በጣቢያው ላይ በተንጠለጠለ የፓራሹት ገመድ ተጠላልፎ ይይዛታል፤ እርሷም ጓደኛዋን በሌላ ገመድ ይዛዋለች። እርሱ፣ እርሷን ይዟት እንዳይሄድ በማለት፣ ራሱን ፈትቶ ወደ ሞቱ ይሄዳል። ነገር ግን በመጋረጃው ላይ ሁለቱም የቆሙ መስለው ይታያሉ። ከጣቢያው ጋር በአንድ ፍጥነት የሚዞር ሰው ወደ ውጭ የሚስበው ምንም ኀይል የለም፤ ገመዱን በቀስታ ብትስበው ወደ እርሷ በተመለሰ ነበር። ገመዱ ገና እየተለጠጠ ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እንዲያ ከሆነ ፊልሙ ያንን በግልጽ ሊያሳየን ይገባው ነበር። እዚህ የተሰበረው ራሱ ምጣዱ ነው።

የኒውተንን ሕግ የተማረ ተመልካች በዚህ ቦታ ቢያጉረመርም፣ ዕውቀቱን ለማሳየት የሚሻ ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። ሊያዝን በተዘጋጀበት ሰዓት «ለምን ፈታው?» ብሎ እንዲጠይቅ ተገድዷልና፣ የተነጠቀው ሐዘኑ ነው። ስለዚህ የጠፈር ፊልም አዘጋጅ በታሪኩ ደጃፍ ላይ ጥቂት ቢዋሽ ይቅር ሊባል ይችላል፤ ሰው ለሰው በሚሞትበት ቦታ ላይ ግን የሳይንስ እውነትና የልብ እውነት አንድ ስለሆኑ፣ አንዱን የጣለ ሁለቱንም ያጣል።