ተስፋው ለማን ተጻፈ?

በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 የሚገኘውን የሰላም ተስፋ ብዙ ክርስቲያኖች በቀጥታ ለራሳቸው እንደ ተጻፈ አድርገው ያነቡታል። እኛ ግን በፊት ቁጥር 10 ይነበብ እንላለን። ደብዳቤው የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ነው፤ ቀጠሮውም 70 ዓመት ነው። ሐናንያ ምርኮኞቹ በ2 ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ሲል፥ ኤርምያስ በዚያው ቤት እንዲሠሩና አትክልት እንዲተክሉ አዘዛቸው። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ መመለሱን ሳያዩ የሚሞቱ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ቃል ለፈተና ውጤትና ለሹመት ዋስትና ማድረግ፥ የሐናንያን ስብከት በኤርምያስ ስም መድገም ነው።

ታዲያ ለክርስቲያን ምን ቀረለት? ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ (3፥29) የክርስቶስ የሆኑትን የአብርሃም ተስፋ ወራሾች ይላቸዋል። ስለዚህ ክርስቲያን ከኤርምያስ የሚወስደው የምርኮኞቹን ቀጠሮ ሳይሆን የተስፋ ሰጪውን ታማኝነት ነው፤ ይኸውም መጠበቅን የሚያስተምር እንጂ ከመጠበቅ የሚያሳርፍ አይደለም።