ሳይሰሙ አለመመለስ፦ በነጃሺ ችሎት ትረካና በአቀራረቡ ላይ የቀረበ ሒስ

በወልቂጤና በቡታጅራ መስጂዶች ኹጥባዎች፣ በመድረሳዎቻቸውም የሲራ ትምህርት፣ የመጀመሪያው የሐበሻ ሒጅራ የማይቀር ምዕራፍ ነው። ሕፃናት ሳይቀሩ የነጃሺን ፍትሐዊነትና የጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ) አንደበተ ርቱዕነት ያውቃሉ። ትረካው ለሀገራችን ሙስሊም ኩራት በመሆኑ ደጋግመን ብንተርከው አይገርምም። ይሁን እንጂ አቀራረባችን ትረካውን የደግነት ታሪክ ብቻ አድርጎታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግልጽ ነው፦ ምዕራፉ ከደግነት በፊት የዳኝነት ታሪክ ነው። ዋና ትምህርቱም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ሳይሰማ ለሚያሳድደው ወገን ተላልፎ አይሰጥም የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ትረካውን ራሱን እንመልከት። ኢብን ኢስሐቅ ከእመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያስተላለፈውና በኢብን ሂሻም ሲራ የተመዘገበው ዘገባ በሥነ ሥርዓት ዝርዝሮች የተሞላ ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓ ነበሩ። ወደ ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሹም ስጦታ አደረሱ። ከሹማምንቱ የጠየቁትም ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብ ምክር እንዲሰጡላቸው ነበር። ልብ ይባል፤ የመልእክተኞቹ ትልቁ ፍርሃት ስደተኞቹ እንዳይናገሩ እንጂ ንጉሡ ክፉ እንዳይሆን አልነበረም። ሹማምንቱም የገዛ ወገኖቻቸው ስለ እነርሱ የተሻለ ያውቃሉ ብለው አሳልፎ መስጠቱን ደገፉ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ወደ ሀገሩ የተጠጉ ሰዎችን ጠርቶ ስለ ተከሰሱበት ነገር ሳይጠይቃቸው እንደማያስረክብ ተናገረ።

ከዚህ በኋላ ጃዕፈር ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። ነገሩ ግን በዚያ ቀን አላበቃም። ዐምር በማግስቱ ስደተኞቹ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከባድ ነገር ይናገራሉ የሚል አዲስ ክስ ይዞ ተመለሰ። ንጉሡ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ ረክቶ ክሱን አልገፋም፤ ሳይጠይቅም አላመነም። ስደተኞቹን ዳግም አስጠርቶ ጠየቃቸው። እውነቱን መናገር አደጋ ሊያመጣባቸው እንደሚችል እያወቁ ጃዕፈር ያመኑበትን ሳይሸሽጉ መለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሡ በምድሩ ደኅንነታቸው የተጠበቀ መሆኑን ያወጀው፤ ስጦታውም ለመልእክተኞቹ እንዲመለስ አዘዘ። ዘገባው የንጉሡን ቃል በሐበሾች አንደበት «ሹዩም» ብሎ ያስቀምጣል፤ ትርጉሙንም «ደኅንነታቸው የተጠበቀ» ሲል ይፈታዋል። ቃሉ ከግዕዙ «ሥዩም» ጋር ያለው የድምፅ ቅርበት ለአማርኛ አንባቢ ሳይታወቅ አይቀርም።

በተለመደው አቀራረብ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው የጃዕፈር ንግግርና የንጉሡ እንባ ነው። የሹማምንቱ ምክር፣ የስጦታው መመለስና ሁለተኛው ችሎት አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላሉ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ጥበቃው ከንጉሡ ልብ ርኅራኄ ብቻ የመጣ ከመሰለ ስደተኛው ምጽዋት ተቀባይ ይሆናል፤ ሌላ ንጉሥ ልቡ ባይራራ የሚጠየቅበት ነገር አይኖርም። ጥበቃው ከመደመጥ የመጣ መሆኑ ከተስተዋለ ግን በየዘመኑ በየትኛውም ዳኛ ፊት ሊጠየቅ የሚችል መብት ይሆናል።

ለዚህ ንባብ ድጋፍ የሚሆኑ ሌሎች ምንጮች አሉን። በሱረቱ ተውባ 6ኛው አንቀጽ ጥበቃ የጠየቀ ሙሽሪክ ጥበቃ እንዲሰጠው፣ ከዚያም ወደሚተማመንበት ስፍራ እንዲደርስ ታዟል። መዳረሻው የደኅንነት ስፍራ መሆን እንዳለበት ልብ ይሏል። በመካ መከፈት ዕለት ዐሊይ (ረ.ዐ) ሊገድሉት የፈለጉትን ሰው ኡሙ ሃኒእ (ረ.ዐ) አስጠግተው ነበር። ጉዳዩን ይዘው ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ፤ እርሳቸውም የእመት ኡሙ ሃኒእን ጥበቃ አጸኑ። ይህ ዘገባ በቡኻሪ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ለርዕሳችን ከነጃሺው ችሎት ይልቅ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም ኃይል ያለው ሰው ሊወስድ የነበረው እርምጃ ከበላዩ ባለ አካል ሲታይና ሲሻር ያሳያልና።

ሒስ ሐቀኛ ይሆን ዘንድ አስቸጋሪውንም ምንጭ መዝለል የለበትም። በሑደይቢያ ስምምነት መሠረት አቡ ጀንደል (ረ.ዐ) በሰንሰለት እንደታሰረ መጥቶ ሳለ ለአባቱ ለሱሀይል ተመልሷል። ያለመመለስን መርህ ከሸሪዓ ጋር ፍጹም አንድ ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ይህን ዘገባ ማብራራት ይጠበቅበታል። የፉቀሃእ ውይይት እዚህ ላይ ይረዳል፤ ሻፊዒዮች በእንዲህ ያለ ስምምነት መመለስን የሚፈቅዱት የሚጠይቀውና የሚጠብቀው ነገድ ላለው ሰው ነው። ከስምምነቱ በኋላ የወረደው የሱረቱል ሙምተሒና 10ኛ አንቀጽም ተሰደው የመጡ ሴቶች እንዲፈተኑ፣ እምነታቸው ከታወቀ ደግሞ ወደ ከሓዲዎቹ እንዳይመለሱ አዘዘ። መመርመርና አለመመለስ በአንድ አንቀጽ መጣመራቸውን ማስተማሪያ ማድረግ እንችላለን። ስምምነት እንኳ ቢኖር በሚመለሰው ሰው ላይ የሚደርሰው አደጋ የሚታይ ጉዳይ ሆኖ ይኖራል።

ይህ የጥንት ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ ሀገራችን ሕግ እንመልሰዋለን። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1969 የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በድንበር ላይ መልሶ መግፋትን ጭምር ይከለክላል፤ ጥገኝነት መስጠትም በሌላ አገር ላይ እንደ ጠላትነት ድርጊት እንዳይቆጠር ይደነግጋል። የቁረይሽ መልእክተኞች የስደተኞቹን መጠጊያ እንደ በደል አድርገው ማቅረባቸውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ድንጋጌ እንግዳ አይሆንበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ያለመመለስን መርህ ይዟል፤ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት የሚልበትን መንገድ ከፍቷል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ በጠቅላላው የአስተዳደር ውሳኔ ምክንያት እንዲኖረውና በፍርድ ቤት ሊከለስ እንደሚችል ይደነግጋል። ክለሳ ማለት ፍርድ ቤቱ የአስተዳደሩን ሥራ ተረክቦ መሥራት አይደለም፤ ውሳኔው በሕግ መሠረት መሰጠቱን፣ ሰውየውም መደመጡን መመርመር ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ደረጃ መደራጀታቸውን የሚያውቅ ቃዲ የዚህን አስፈላጊነት ለመረዳት አይቸገርም።

የእኛ ልጆች በዚህ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በነጃሺ ወንበር ሳይሆን በጃዕፈር ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2021 የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አንድ ኢትዮጵያዊ ባቀረበው አቤቱታ ላይ ፍርድ ሰጥቷል። የሥር ፍርድ ቤት አቤቱታውን ውድቅ አድርጎት ነበር። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ግን ጥገኝነት የመጠየቅ ፍላጎቱን የገለጸ ሰው ጥያቄው የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ እንዳይባረር፣ የማመልከት ዕድልም እንዲሰጠው ወሰነ። በ2023 በሌላ ኢትዮጵያዊ ጉዳይም ከመባረር የሚሰጠውን ይህን ጥበቃ አጽንቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ድረስ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። አብዛኞቹ ለሥራ የሄዱ በመሆናቸው ሁሉም ጥገኝነት ይገባቸው ነበር ማለት ስህተት ይሆናል። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት አልተቀበለችም፤ ከተመላሾቹ መካከል በእውነት የሚያሰጋው ሰው ቢኖር ስጋቱን የሚናገርበት ችሎት የት ነበር? አማን የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተማረ ኡምማ ይህን ጥያቄ ለራሱ ማቅረብ ይገባዋል።

የጉራጌ አንባቢ ለዚህ አስተሳሰብ ሩቅ አይደለም። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ ደም ያፈሰሰ ሰው እንኳ ለሟች ወገን ቁጣ ወዲያው አይጣልም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ይሰማሉ፤ በበታች ሸንጎ ያልረካ ሰውም ወደ ላይኛው ይሄዳል። ቅጫው ወንጀልን አይደብቅም፤ ፍርድን ግን ከበቀል ያስቀድማል። በአንዳንድ የሲራ ዘገባዎችም ስደተኞቹ ከቁረይሽ ያመለጡ ባሪያዎች፣ ደም ያፈሰሱ ወይም ገንዘብ የወሰዱ መሆናቸው ተጠይቋል። ጥገኝነት ለወንጀለኛ መደበቂያ እንዳይሆን የሚጠይቅ ችሎትና ንጹሑን የሚጠብቅ ችሎት አንድ ነው።

ከዚህ ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሐበሻ ሒጅራ በሚተረክበት ጊዜ የሹማምንቱ ምክርና ሁለተኛው ችሎት አብረው ይተረኩ። ልጁን ለጉዞ የሚሸኝ አባት ቢያንስ ይህን ይወቅ፦ በደረሰበት ሀገር ስጋቱን የመናገርና የመሰማት መብት አለ፤ ውድቅ ቢደረግም አቤት የሚባልበት ደጅ ሊኖር ይችላል፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ግን ደጁ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ የጃዕፈር እውነተኛነት ከአንደበቱ ጣፋጭነት በላይ ይነገር። የተፈጠረ የስደት ታሪክ ባለታሪኩን ከማጋለጡም በላይ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ስደተኛ ቃል ያረክሳል። ኢማም የምስክርነት ደብዳቤ ሲጠየቅም የሚጽፈው ያየውንና ያወቀውን ብቻ ይሁን፤ ምስክርነት አማና ነውና። ሦስተኛ፣ ወደ እኛ የተጠጉትን አንርሳ። ሀገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ስደተኞችን አስጠልላለች። ስለ እነርሱ በገበያ ወሬ ብቻ የሚፈርድ ምእመን ሹማምንቱን እንጂ ንጉሡን አልመሰለም።

ጃዕፈርና ጓደኞቻቸው ወደ መዲና የተመለሱት በሒጅራ 7ኛው ዓመት፣ በኸይበር ዘመን ነበር። ከመጀመሪያው ስደት ከአሥር ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ያስመለሳቸው የቁረይሽ ስጦታም ሆነ የሹማምንት ምክር አልነበረም፤ የሚመለሱበት ስፍራ ለእነርሱ የደኅንነት ስፍራ ስለሆነ በፈቃዳቸው ተመለሱ። ያለመመለስ መርህ በመጨረሻ የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ትረካውን ለልጆቻችን ስናስተላልፍ ይህን ክፍል ሳንቆርጥ እናስተላልፍ።