የሚበላው ጭራቅ

ቅርጻ ቅርጽ በተነሣ ቁጥር በአእምሮ የሚመጣው ድንጋዩ፣ ነሐሱና እንጨቱ ነው። በቤት ተጋግሮ፣ በቢላዋ ተጠርቦ፣ በልደት ቀን በሕፃናት ፊት ስለሚቀርበው የጭራቅ ኬክ ብዕሩን የሚያነሣ ሃያሲ እምብዛም ነው። ሥራው በተጠናቀቀበት ዕለት ተበልቶ ያልቃልና ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ለሥራው ትርጉም የሚሰጠው ይኸው መበላቱ ነው።

ጭራቅ በሥነ ቃላችን ሰው በላ ነው። «ካልበላህ ጭራቅ ይበላሃል» ሳይባል ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። በርእሱ ላይ የሰፈረው «የሚበላው» የሚለው ቃል «በ» ላልታ ስትነበብ የተረቱን ጭራቅ፣ ጠብቃ ስትነበብ የኬኩን ጭራቅ ያመለክታል። በላተኛው ከገበታ ላይ ቀርቦ፣ ሲፈራው የኖረው ልጅ ቢላዋ ይዞ ከፊቱ ይቆማል። በአንድ ትሪ ላይ ከዚህ የበለጠ የድራማ ግጭት ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመልኩ ላይ ነው። ዘንዶን ሁሉም ያውቀዋል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ከፈረሱ እግር ሥር ተጠምጥሞ፣ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከተው ይታያል። ጭራቅ ግን እንዲህ ያለ የጸና ምስል የለውም፤ ተረቱ የሚያስተዋውቀው ይበልጡን በድርጊቱ ነው። በዚህም የተነሣ ናሙና ያጣች ጋጋሪ ወደ ውጭ ፊልም ታማትርና ትልልቅ ክብ ዐይን ያለው፣ ፈገግ ያለ አረንጓዴ አሻንጉሊት ታቀርባለች። እንዲህ ያለው ፍጡር ማንንም አያስፈራም፤ የማያስፈራውን መብላትም ድል አይደለም። አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕፃናት መጽሐፍ የሣላቸው አውሬዎች ጥርሳቸውም ጥፍራቸውም የሾለ ነው፤ ልጁ የሚነግሥባቸው ይህ ሳይቀነስላቸው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ለመናገሻነት አስበው በቆረቆሯት በአዲስ ዓለም አንዲት እናት ይህን ሥራ ብትጀምር እንበል። ከአዲስ አበባ ኬክ ቤት የተገዛ ረጅም ጭራቅ የአምቦን መንገድ ተጉዞ አንገቱ ሳይሰበር መድረሱ ስለሚያጠራጥር፣ እቤት መጋገሩ አማራጭ የለውም። (ልደቱ ጾም ላይ ከዋለ ቅቤና እንቁላሉ ሌላ ጣጣ ነው።) ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ በውጭ አገር መመሪያ ልክ ከተጨመረ ኬኩ ፈጥኖ ይነፋና መሐሉ ይሰምጣል፤ መቀነስ ይገባል። እንደ ሰፍነግ የሳሳ ኬክ በቢላዋ ስለሚፈረፈር፣ ለጥርብ የሚስማማው ቅቤና እንቁላል የበዛበት ጥቅጥቅ ያለው ነው።

የገጠር ልጅ ከጭቃ በሬ ሲሠራ ቀንዱን፣ ሻኛውን እየጨመረ ነው። ኬክ ጠራቢ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የተቆረጠም አይመለስም። ስለዚህ ተደራርቦ ሌሊቱን የቀዘቀዘውን ኬክ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ ከራሱ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ መጥረብ ነው። ራሱ ከብዶ ትከሻው እንዳይደረመስ በንጹሕ የእንጨት ስንጥር ይደገፋል፤ ስንጥሩ ልጆቹ ከመቁረሳቸው በፊት መውጣቱ አይዘነጋ። የመጀመሪያው ስስ ክሬም ፍርፋሪውን ይይዛል፤ ሁለተኛው ወፍራም ክሬም በሹካ ሲጫር ጠጉር ይሆናል። ለጥርሱ ከውጭ የሚመጣ የስኳር ጌጥ መፈለግ አያሻም። ለቡና የሚቆላው ፈንዲሻ ነጭ፣ ወጣ ገባና አስቀያሚ ነው፤ በልጅ ጥርስ ሥርም ይደቃል።

የፍርሃቱን ልክ ግን የትኛውም መመሪያ አይሰጥም። የስድስት ዓመቱን ልጅ የሚያስደስት አፍ የሦስት ዓመቷን ታናሹን ከጠረጴዛው ሊያሸሻት ይችላል። ጨለማ የሚፈራውን ከውሻ ከሚሸሸው ለይታ የምታውቀው እናት ናት፤ ኬክ ቤቱ ይህን ሊያውቅ አይችልም። የቤት ሥራው ጠማማ ቀንድና የተዛነፈ ዐይን ቢኖረውም፣ ከኬክ ቤቱ የተስተካከለ ሥራ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ደግሞ ካለቀ በኋላ ነው። የደከመችበት እናት ፎቶግራፍ ታነሣለች፤ «ያሳዝናል፣ አይቆረስ» ትላለች፤ ልጆቹ ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ዳቦ ይታደላሉ። ጭራቁም እስከ ማግስቱ ጥርሱን አግጥጦ ከጠረጴዛው ላይ ያድራል።