«ሻማ»፣ «ዋት» እና «ፓውዛ»፦ ስለ ደማቅ መብራት ስያሜዎች

«መብራት» ከ«በራ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ይህ ትንተና ትክክል ቢሆንም፣ ቃሉ ዛሬ የያዘውን ግዛት አያሳይም። «መብራት ሄደ» የሚል ሰው ስለ አምፖሉ አይናገርም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጡን ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ስሙ ተለዋውጦ፣ በ2013ም ለሁለት ተከፍሎ «መብራት» ከስያሜው ቢወጣም፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይለዋል። እንግዲህ አንዱ ቃል መሣሪያውንም፣ ከመሣሪያው የሚፈነጥቀውንም ብርሃን፣ ኃይሉንም ተሸክሟል። በዕለት ንግግር ይህ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ የሚታየው ለሙያ ቃል ሲፈለግለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው «ሻማ» ነው። ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ «ባለ 60 ሻማ አምፖል» ይላል፤ በአምፖሉ ላይ የተጻፈው ግን 60 ዋት ነው። የተማረው ሰው ፈገግ ብሎ «ሻማ ሳይሆን ዋት ነው» ሲል ያርመዋል። እርማቱ ግን ከስሕተቱ የባሰ ነው። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ካንዴላ ሲሆን፣ ትርጓሜው በላቲን ሻማ ማለት ነው። ባለ ክሩ የ60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ይህም በየአቅጣጫው እኩል ቢሠራጭ 64 ካንዴላ ያህል ይሆናል። የሱቁ አነጋገር፣ በአጋጣሚም ቢሆን፣ ከሳይንሱ ብዙ አልራቀም ነበር። (በ100 ዋቱ አምፖል ግን ስሌቱ ይፋለሳል።)

ዛሬ ኤል ኢ ዲ የተባለው አምፖል ያንኑ 800 ሉመን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ከአራሚው «ዋት» ማለትን የተማረ ገዢ 60 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢጠይቅ ለአንድ ክፍል ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ ብርሃን ይዞ ይገባል፤ 9 ዋት ሲሰጡት ደግሞ ተታለልሁ ይላል። «ሻማ» ያለው ግን የፈለገው ድምቀት እንጂ ፍጆታ ስላልነበረ፣ አስተዋይ ባለሱቅ በቀላሉ ይረዳዋል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት «ሻማ»ን ከሰሙ ሻማ ፍች ቀጥሎ «የአምፖል ብርሃን መጠን መጥሪያ» ብሎ ሊመዘግበው ይገባል፤ «የዋት ሌላ ስም» ብሎ ግን አይደለም።

ለኳስ ሜዳ፣ ለግቢና ለግንባታ ቦታ የሚተከለውን ኃይለኛ መብራት ሕዝቡ «ፓውዛ» ይለዋል። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «የጎርፍ መብራት» ያደርገዋል። አማርኛ በጎርፍ ጥፋትን እንጂ የብርሃንን ሙላት አያስብም፤ ስያሜውን ያነበበ ሠራተኛ ለክረምት አደጋ የተዘጋጀ መብራት ቢመስለው አይፈረድበትም። «ፓውዛ» ባዕድ ነው የሚለው ተቃውሞም አይጸናም፤ «አምፖል» ከፈረንሳይኛ፣ «ፍሬቻ» ከጣልያንኛ መጥተው ማንም አላባረራቸውም።

የሾፌሮቹ «ረጅም መብራት»ና «አጭር መብራት» ደግሞ የተዋጣላቸው ናቸው፤ ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት ይናገራሉና። በእነዚህ ፈንታ «ከፍተኛ ጨረር» ማለት ምን ይባላል? «ጨረር» ከራጅና ከኑክሌር ጋር ተያይዞ በአንባቢው ዘንድ ፍርሃትን ይጠራል።

የድምቀት ደረጃን በተመለከተ ቋንቋው ራሱ ሀብታም ነው። «ጭል ጭል»፣ «ቦግ»፣ «ፏ»፣ «ቦግ እልም»፣ «ብልጭ ድርግም»፤ እያንዳንዱ የተለየ ነገር ያሳያል። ሆኖም በሙያ ቃላት ዝግጅት ጊዜ እንዲህ ያሉት ቃላት የቤት ወሬ ተብለው ይታለፋሉ። የሚያብለጨልጭ የማስጠንቀቂያ መብራትን «ብልጭ ድርግም የሚል» ከማለት የተሻለ አገላለጽ እኔ አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚያሳስበው «ማንጸባረቅ» እና «ማጥበርበር» መቀላቀላቸው ነው። መስተዋት፣ ውኃና እርጥብ አስፋልት ያንጸባርቃሉ፤ የሚጥበረበረው ግን የሰው ዓይን ነው። በሌሊት ከፊት በሚመጣ ረጅም መብራት ማየት የተሳነውን ሾፌር «ከነጸብራቅ ተጠንቀቅ» ብንለው የሚያንጸባርቀውን ነገር ይፈልጋል። «ዓይን ከሚያጥበረብር መብራት» ብንለው ግን የትኛውን መብራት ዝቅ ማድረግ እንደሚገባ ሁለቱም ሾፌሮች ያውቃሉ።