የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ማሲንቆ

ስለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሚነገረውና የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ግጥማቸው ነው። የቃላቸው ለዛና የቅኔያቸው ምሥጢር በየጊዜው ይነሣል፤ ማሲንቆአቸው ግን እንደ ማጀቢያ እንጂ እንደ ዋና ጉዳይ አይቈጠርም። እኛ ይህ አስተያየት ጐዶሎ ነው እንላለን።

ነጋድራስ ተሰማ በምንጃር ተወልደው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ግድም የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ይህም በሸክላ ከተቀረጹት የኢትዮጵያ ዘፈኖች የመጀመሪያው ነው ይባላል። አዝማሪ የሚለው ስም እንደ ስድብ በሚቈጠርበት ዘመን፥ በቤተ መንግሥት ያደገ፥ በኋላም ለነጋድራስነት የበቃ ሰው ማሲንቆ አንሥቶ መዝፈኑ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ማሲንቆ በቁርበት የተለበጠ ሣጥን፥ አንድ ዘንግ፥ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታርና አንድ ደጋን ብቻ ነው። ጣት አውታሩን ከዘንጉ ጋር ሳያጣብቅ ስለሚነካው ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። ባለ ማሲንቆው ስንኙን ከጨረሰ በኋላ ዝም ሲል ደጋኑ ዜማውን ተቀብሎ ይመልሰዋል። ይህ ጊዜ ለዘፋኙ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ ሰሚው ሰሙን ገፎ ወርቁን የሚያወጣበት ጊዜ ነው። ፈጥኖ የገባው ይስቃል፤ የዘገየውም የጎረቤቱን ሳቅ ሰምቶ ወደ ስንኙ ይመለሳል። እንግዲህ ቅኔው የሚፈጸመው በአፍ ሳይሆን በማሲንቆው ላይ ነው።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የአባታቸውን ግጥሞች «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ ሰብስበው ከመጥፋት አድነዋል፤ ውለታቸውም ትልቅ ነው። ነገር ግን ወረቀት ቃሉን ሲይዝ ያን የማሰቢያ ጊዜ ሊይዝ አይችልም። ሸክላውም ቢሆን ሙሉ ምስክር አይደለም። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው የሦስት ደቂቃ ያህል ዘፈን ነበር፤ ዘፋኙም የሚዘፍነው ግጥም በሚሰጠውና በሚስቅ ታዳሚ ፊት ሳይሆን በድምፅ መቀበያ ቀንድ ፊት ነበር። ይሁንና የደጋኑ ድምፅ በዚያ አለ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም «ኢትዮፒክ» በሚባለው ተከታታይ እትም በ27ኛው ቅጽ እንደ ገና ለጆሮ በቅቷል።

ዛሬ ማሲንቆ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ሰምና ወርቅ ደግሞ በአማርኛ ክፍል ይተነተናል። ቃሉና ዜማው በዚህ ዓይነት ከተለያዩ፥ ተማሪው የአባቶቹን ዘፈን በወረቀት ላይ የተጻፈ እንቈቅልሽ አድርጎ መቍጠሩ አይቀርም። ስለዚህ መምህራን የነጋድራስ ተሰማን ግጥም ከመተርጐማቸው በፊት ሸክላውን ያሰሙ፤ ደጋኑ በሚጫወትበት ጊዜም ተማሪው ወርቁን በራሱ እንዲፈልግ ዝም ይበሉ።