ክርስትና ያነሣው ዘመድ፦ በጅግጅጋ ስለ አበልጅነት

የቤተሰብ ፍቅር የእምነት መስተዋት ነው ይባላል፤ በቤቱ የሚዋደድ ሰው የክርስቶስ ቤተሰብ መሆኑን በኑሮው መሰከረ ማለት ነው። አያት ቅድመ አያት በአንድ ደብር በተቀበሩበት የደጋ አገር ይህ ስብከት ብዙም አያከራክርም። ጅግጅጋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ቤተሰቡ ቀድሞ ኖሮ እምነቱን አላንጸባረቀም፤ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ናት ለዘመድ የለሹ ዘመድ የሰጠችው።

ከካራማራ ማዶ ያለችው ከተማ ክርስቲያኖቿን ያገኘችው በጦር፣ በንግድና በመንግሥት ሥራ ነው። በ1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን ተከታዮች ሲያጠቋት ከሐረር የተላከ ሠራዊት የሰፈረባት ምሽግ ነበረች፤ የከተማ ቅርጽ የያዘችው ኋላ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ባስተዳደሯት ጊዜ ነው። ከሸዋው፣ ከጎንደሩ፣ ከጉራጌው ተሰባስቦ የመጣው ወታደር፣ ነጋዴና ጸሐፊ አጎቱም አክስቱም ሩቅ ናቸው። ጎረቤቱ ሶማሌ በአንጻሩ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ እየቆጠረ ይወጣል፤ ኢዮአን ሉዊስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ከማን ጋር እንደሚቆምና ማን ካሣ እንደሚከፍልለት የሚታወቀው በዚህ ቆጠራ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ዘር የማይቆጠርለት ሰው ከነጠላ እንግድነት የሚወጣው በምንድን ነው?

በክርስትና ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ሆኖ የሚቆመው ሰው ሕፃኑን ከካህኑ እጅ ተቀብሎ ያቅፋል፤ ማተቡ ይታሰራል፣ ሜሮኑ ይቀባል፣ ስሙ ይወጣል። ከዚያች ጧት ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች አበልጆች ናቸው። በዚህ ላይ የጽዋ ማኅበሩ ይጨመራል። በየወሩ በታቦቱ ቀን ተረኛው ዳቦና ጠላ አቅርቦ ይዘክራል፣ የማኅበሩ አለቃ ሙሴው ይመራል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ አባል ሲሞት ልጁ በቦታው ሊገባ ይችላል። ርስት ያልተከለለት ሰው ለልጁ ከሚያወርሰው ነገር አንዱ ይህ ነው።

ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሰምና ወርቅ» አማራውን ከማኅበረሰባዊ ትስስር ይልቅ ወደ ግለኝነት ያደላ አድርጎ ሥሎታል። ሥዕሉ ከመንዝ ተነሥቶ የተሣለ ነው፤ ርስቱ ከእግሩ ሥር ላለ ገበሬ ምናልባት ይሠራል። ርስቱን ትቶ ለመጣው ግን አይሠራም።

የአበልጅ ዝምድና የወግ ብቻ አይደለም ለማለት ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ጋብቻ ነው። ፍትሐ ነገሥት በክርስትና የተዛመዱትን እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ እስከ ሰባት ቤት በሚቆጠረው የሥጋ ዝምድና ላይ ሌላ አጥር ይጨመራል ማለት ነው። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሶማሌ ክልልን ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከመቶ 1 በታች አድርጎ መዝግቦታል። ከዚህ ጥቂት ሕዝብ መካከል የጎንደሬው ልጅና የጉራጌው ልጅ በደም ባይገናኙም፣ የአንዱ እናት የሌላዋን ክርስትና ካነሣች ጉዳዩ አልቋል። ምሳሌያዊ ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ማንንም ከማግባት አያግድም ነበር። ልጅን ለመዳር ሐረር ወይም ድሬዳዋ ድረስ የሚያስኬድ ዝምድና ከልቡ ዝምድና ነው።

ሆኖም «መስተዋት» የሚለው አባባል የሚሰበረው እዚሁ ነው። የክርስትና እናት መሆን የምትችለው የተጠመቀች ብቻ ናት። ልጁን ከጧት እስከ ማታ ያዘለችው፣ እናቱ ገበያ ስትውል ያበላችው፣ ሶማሊኛ ያስተማረችው የጎረቤት ሴት ከቅኔ ማሕሌቱ ደጅ አታልፍም። ስለዚህ ፍቅር የአባልነት ነጸብራቅ ነው ካልን ይህችን ሴት ከፍቅር ዝርዝር ልናወጣት ነው፤ የእናትነቷን ሥራ ስናይ ግን እንዲያ ማለት አንችልም። በእኔ አስተያየት በጅግጅጋ የክርስቲያኑ ቤተሰባዊ ፍቅር ከአባልነቱ ድንበር ይሰፋል፤ ሥርዓቱ የሚያውቀው ከሱ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ይህን ሁሉ ፈተነ። የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐሙድ ዑመር ከሥልጣን በወረዱበት ሰሞን በጅግጅጋና በሌሎች ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናት ተገደሉ፣ ሱቅና ቤት ተዘረፈ። ሕንፃ መልሶ ይሠራል። የንስሐ አባት መገደል ግን ሌላ ነው፤ እሱ የየቤቱን ጠብ የሚያስታርቅ፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ የልጆቹን ስም በጸሎቱ የያዘ ሰው ስለሆነ፣ በሞቱ ብዙ ቤት በአንድ ቀን አባት ያጣል። ከደጋ የሚላከው አዲስ ካህን ቅዳሴውን ወዲያው ይቀጥላል፤ የቤቶቹን ነገር ለማወቅ ግን ዓመታት ይፈልጋል። በዚያው ቀን ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው የደበቁ ሶማሌዎችም ነበሩ። የደበቁት ማንም ክርስትና ስላነሣላቸው አይደለም።

ምሁራን ስለ ክርስትናና እስልምና «መቻቻል» ሲጽፉ ቃሉ ቀዝቀዝ ይልብኛል። የክርስትና ድግስ ላይ ያለውን እንይ። ሥጋው በሃይማኖት የተለየ ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ደጋሹ ታዲያ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ፍየል ለብቻ ይሰጣል፤ እነሱ በራሳቸው ሰው ያርዱታል፣ በራሳቸው ድስት ይሠሩታል፣ ከዚያው ግቢ ቁጭ ብለው ይበሉታል፤ ልጁንም ይመርቁታል። ክልከላው አልተነሣም፣ ማንም እንዲነሣ አልጠየቀም። ወጪው ግን የደጋሹ ነው፤ ፍየሉም በድግሱ ሒሳብ ውስጥ ከመጀመሪያው የገባ ነው።